ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እህት የ2002 ሞዴል ቶዮታ ራቭፎር አላት። አውቶማቲክ፣ 2 ሺህ ሲሲ፣ ፎርዊል። ሁለት ወር ሆነው፤ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲገባ ከኋላ የገጯት ያህል ይመታል። አንዳንዴ ደግሞ ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ጠዋት ላይ ሪቨርስ ስታስገባ ይዘገያል። ሦስት ጋራዥ ሄደች። አንዱ "ካምቢዮው አልቋል፣ ይቀየር" አላት። ሁለተኛው "ዘይት ብቻ ነው" አለ። ሦስተኛው "ዘይቱን እንዳትነኪው፣ ከነካሽው ጭራሽ ይቆምብሻል" ብሎ አስፈራራት። ሜሪላንድ ያለው ወንድሟ ደግሞ ያገለገለ ካምቢዮ ልላክልሽ ብሏታል። ማንን ልመን ነው የምትለው።

እህቴ፣ ለጊዜው ማንንም አትመኚ። መጀመሪያ መኪናው ራሱ ይናገር። እስከዚያ ካምቢዮውን ማንም እንዳያወርደው። ይህን የምልሽ ባለሙያዎቹን ለማጣጣል አይደለም፤ የጻፍሽው ነገር በእርግጥም ያለቀ ካምቢዮ ምልክት ነው። ግን ያንቺ መኪና ከ2001 እስከ 2003 ከተሠሩት ራቭፎሮች አንዱ ነው። በእነዚህ ላይ ካምቢዮው ደህና ሆኖ እሱን የሚያዝዘው የመኪናው ኮምፒውተር የሚታመምበት የታወቀ ችግር አለ፤ ሲታመም ደግሞ ምልክቱ ቁርጥ ያለቀ ካምቢዮን ነው። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ችግር ሲል የኮምፒውተሩን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል አራዝሞ ነበር። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ስለዚህ አሁን ወጪው ያንቺ ነው። ቢሆንም ኮምፒውተር ማሠራትና ካምቢዮ መቀየር በዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዓመታት በፊት ልክ እንዳንቺው ዓይነት ራቭፎር መጣልኝ። ይመታል፣ ይንሸራተታል። አወረድኩት፣ ፈታሁት፣ የተቃጠሉ ዲስኮች አገኘሁ። በቃ፣ ጥፋተኛው ተያዘ ብዬ አሰብኩ። ዲስኮቹን ቀየርኩ፣ ላስቲኮቹን ቀየርኩ፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ። ሲወጣ ማርሹ መግባቱ እንኳ አይታወቅም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቱ ተመለሰ። ያው ምት። ያው መንሸራተት። ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ሽቦውን ከካምቢዮው እስከ ኮምፒውተሩ የተከተልኩት። ዲስኮቹ የተቃጠሉት ኮምፒውተሩ ትእዛዙን እያቆራረጠ ስለሰጣቸው ነበር። እኔ ቁስሉን አጠብኩ እንጂ ሹሉን ነገር ከውስጡ አላወጣሁትም ነበር። ሰውየው ሁለተኛ እንዳይከፍል አደረግኩ፤ ግን እነዚያ አዲስ ዲስኮች ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጠበሱ ከረሙ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ከገባሽ ማንም አያሞኝሽም። በማኑዋል መኪና ፍሪሲዮን የምትረግጪው አንቺ ነሽ። አውቶማቲኩ ውስጥ ግን ሥራው ለብዙ ቀጫጭን ዲስኮች ተከፋፍሏል። ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ የዘይቱ ግፊት ዲስኮቹን ያጣብቃል፣ የተጣበቁት ዲስኮች ማርሹን ይይዛሉ። ዘይቱ ወደ የትኞቹ ዲስኮች ይሂድ የሚለውን በር የሚከፍቱትና የሚዘጉት ሶሌኖይድ የሚባሉት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትንንሽ ቫልቮች ናቸው። እነሱን የሚያዝዘው ኮምፒውተሩ ነው። እንግዲህ ማርሽ ሲንሸራተት ዲስኩ አልቆ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ አንሶ፣ አርጅቶ ወይም ላስቲኩ ደርቆ ግፊቱ ጎድሎም ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ዲስኩም ዘይቱም ደህና ሆነው ትእዛዙ መንገድ ላይ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ከሶሌኖይዱ ጋር መነጋገር ሲያቅተው ካምቢዮው እንዳይንሸራተትና እንዳይቃጠል ብሎ ግፊቱን ወደ ጣሪያው ያወጣዋል። ያኔ ማርሽ በቀስታ መግባቱ ይቀርና እንደ መዶሻ ይገባል። ጀርባሽን የሚመታሽ ይህ ሊሆን ይችላል።

እንጀምር። መጀመሪያ ዘይቱ።

ይህን አንቺው ራስሽ ታዪዋለሽ። መኪናውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንጂው፤ የካምቢዮ ዘይት በትክክል የሚለካው 70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ሜዳ ቦታ አቁሚ። የእጅ ፍሬን ሳቢ፣ እግርሽም ፍሬኑ ላይ ይሁን። ሞተሩን አታጥፊ። ማርሹን ከፒ ጀምረሽ እስከ ኤል አንድ በአንድ አሳልፊው፣ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ቆይ እያልሽ፣ ከዚያ ወደ ፒ መልሺው። አሁን ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጪው፣ እየሠራ ኮፈኑን ከፍተሽ የካምቢዮውን መለኪያ ዘንግ አውጪ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ፣ እስከ መጨረሻው አስገቢ፣ እንደገና አውጪ። ሁለት ጥንድ ምልክት ታያለሽ። የታችኛው ለቀዝቃዛ ነው፣ ያንቺ ዘይት ስለሞቀ የላይኛው ጥንድ መካከል መገኘት አለበት። ብዙ ሰው እንደ ሞተር ዘይት ሞተሩን አጥፍቶ ይለካዋል። ያኔ ዘይቱ ወደ ታች ስለሚመለስ ልኩ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ሙሉ ነው ተብሎ ኮፈኑ ይዘጋል፣ ካምቢዮው ግን እንደተጠማ ይሄዳል። በዚህ ስህተት ብቻ የተቃጠለ ካምቢዮ በእጄ ፈትቻለሁ።

ከዚያ ከዘንጉ ጫፍ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ጣዪ። አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ጠብታው ቀላ ብሎ ወደ ዳር እኩል ከተሰራጨ ዘይቱ ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ ግን ከተሰራጨ አርጅቷል፣ መቀየር አለበት፣ የሚያስለቅስ ግን አይደለም። መሃሉ ላይ ጥቁር ደቃቅ ነገር ክምር ብሎ ከቀረ፣ እሱ የዲስክ ዱቄት ነው። አሽትቺውም። ያለቀ ዲስክ የነካው ዘይት ድስት ያረረ ጊዜ ቤቱን የሚሞላውን ዓይነት ሽታ አለው፤ አንዴ ከሸተተሽ አይጠፋሽም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን እንጆሪ የገባበት ወተት የመሰለ ሮዝ ዘይት ነው። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። እኛ አገር ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ መሙላት ስለለመድን ብረቱ በውስጥ ይዝጋል፣ ቱቦው ይበሳል፣ ውሃው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ውሃ ደግሞ የዲስኮቹን ሽፋን የያዘውን ማጣበቂያ ይፈታዋል። ሮዝ ካየሽ መኪናውን አትንጂው፣ አንዲት ኪሎ ሜትርም ቢሆን።

ዘይቱ ቀይ ከሆነ፣ ልኩ ከሞላና ካልሸተተ፣ ጥርጣሬዬ ወደ ኮምፒውተሩ ያዘነብላል።

ሁለተኛው ኮዱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ብልሽት ሲያገኝ የሚመዘግበው ቁጥር። ቼክ ኢንጂን መብራቱ በርቶ ያውቃል ወይ የሚለውን አልጻፍሽልኝም። ቢበራም ባይበራም በማሽን ይነበብ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ባለሙያው ኮዱን ከማጥፋቱ በፊት ቁጥሩን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ብዙ ቦታ ማሽኑን ሰክተው "አጠፋሁልሽ፣ አሁን ደህና ነው" ይላሉ። መብራቱ ጠፋ፣ ማስረጃውም አብሮ ጠፋ። ፒ0750፣ ፒ0753፣ ፒ0755 ወይም ፒ0758 ከወጣ ስለ ሶሌኖይዶቹ ነው የሚናገረው፤ ባንቺ ሞዴል ላይ የኮምፒውተሩ ብልሽት የሚታወቀውም በእነዚሁ ነው። ፒ0741 የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ጉዳይ ነው፤ ኮንቨርተር የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ክፍል ነው። ፒ0730 ደግሞ ማርሹ ገብቶ እየተንሸራተተ ነው ማለት ስለሆነ ወደ ዲስኮቹ ይጠቁማል። ኮድ ግን ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። "ሶሌኖይድ" የሚል ኮድ ወጣ ተብሎ ሶሌኖይድ አይገዛም። ሶኬቱ ተነቅሎ ሶሌኖይዱ በኦም ሜትር ይለካ። ባንቺ ካምቢዮ ላይ ዓይነታቸው ሁለት ነው፤ አንዳንዶቹ ሲቀዘቅዙ 5 ኦም አካባቢ፣ ሌሎቹ ከ11 እስከ 15 ኦም ያሳያሉ። ልኬቱ ደህና ከሆነ፣ ከዚያ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ሽቦም ካልተበጠሰና ሶኬቱ ካልዛገ፣ የቀረው ኮምፒውተሩ ነው።

ማሽን ሳያስፈልግሽ አንቺው ራስሽ የምታደርጊው ፈተናም አለ፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ። መምታት ሲጀምር ዳር ይዘሽ ቁሚ። ሞተሩን አጥፊ። ግማሽ ደቂቃ ጠብቂና አስነሺ። መኪናው ለትንሽ ጊዜ ልስልስ ብሎ ከሄደና ቆይቶ እንደገና መምታት ከጀመረ፣ ካምቢዮው ተስፋ አለው። ያለቀ ዲስክ ቁልፍ በማጥፋት አይድንም። እንዴት እንደጀመረም አስቢ። ዲስክ ቀስ እያለ ነው የሚያልቅ፤ በዳገት ይጀምራል፣ ወር እየቆጠረ ይብሳል፣ ሲሞቅ ይከፋል። ኮምፒውተር ግን አንድ ማክሰኞ ብድግ ብሎ ይጀምራል፣ ረቡዕ ደህና ይሆናል፣ ሐሙስ ይመለሳል።

ኮምፒውተሩ የሚገኘው ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ለፊት ካለው ኪስ ጀርባ ነው። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ፕሌት ላይ ያለው ብየዳ በሙቀትና በንዝረት ተሰንጥቆ ወይም ሶሌኖይዶቹን የሚነዳው ክፍል ተዳክሞ ይገኛል። ጥሩ የኤሌክትሮኒክስ እጅ ያለው ሰው ይሠራዋል። የራስሽን ማሠራት ነው የምመክርሽ። ያገለገለ ገዝቶ መግጠም ሁለት ጣጣ አለው። ቁልፍሽን ላያውቀው ይችላል፣ ያኔ ሞተሩ ጭራሽ አይነሳም። ከዚያም በላይ ከሌላ 2002 ራቭፎር የወጣ ኮምፒውተር ያው በሽታ ያለበት የሥጋ ዘመድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ላይ መፈተን ነው። ስልክሽን ሰዓት መቁጠሪያ ላይ አድርጊ። የሞቀ መኪና፣ ሚኒሞ፣ ፍሬን ጥብቅ አድርገሽ። ከኤን ወደ ዲ አስገቢና የመያዝ ስሜት እስኪሰማሽ ቁጠሪ። ከ1.2 ሰከንድ በታች መሆን አለበት። ከኤን ወደ አር ደግሞ ከ1.5 ሰከንድ በታች። በየመሃሉ አንድ ደቂቃ እያሳረፍሽ ሦስት ሦስት ጊዜ ለኪና አማካዩን ያዢ። ሲሞቅ ጊዜው ደህና ሆኖ ጠዋት ብርዱ ላይ ብቻ ከዘገየ፣ ብዙውን ጊዜ ውስጥ ያሉት ላስቲኮች ደርቀው ዘይት ሌሊቱን ይመለስባቸዋል ማለት ነው። 20 ዓመት ላለፈው መኪና ይህ እርጅና ነው። ይታረማል፣ ግን ለዚህ ብቻ ብሎ ካምቢዮ አይቀየርም። ሲሞቅም ከዘገየ ግን ግፊቱ በሜትር ይለካ። ካምቢዮው ላይ ለዚህ የተሠራ ቀዳዳ አለ፣ መለኪያው ይገጠማል፣ ቁጥሩ ከፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ጋር ይነጻጸራል። ይህን መለኪያ ሳይገጥም "ፓምፑ ሞቷል" የሚልሽን ሰው በትሕትና አመስግነሽ ውጪ።

ቀለበት መንገድ ላይ 60 ወይም 70 ይዘሽ ስትሄዲ መኪናው ኮረኮንች ላይ ያለ ይመስል ከተንቀጠቀጠ፣ ነዳጁን ሳትለቂ በግራ እግርሽ ፍሬኑን በስሱ ንኪው፣ መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ፣ ከኋላሽ መኪና አለመኖሩን አይተሽ። መንቀጥቀጡ ወዲያው ከቆመ የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ነው። ካልቆመ ካንዴላና ኮይል አስፈትሺ፤ አንዱ ሲሊንደሩ በትክክል የማይሠራ ሞተር ሰው ሁሉ ካምቢዮ ያስመስለዋል። "ደግ" የሚለው ምት ስትነሺና ስትቆሚ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን የተሸከሙት ጎማዎች ተቀደው፣ ወይም ጎማውን የሚያዞረው ጁንቶ ልል ሆኖ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ በትንሽ ገንዘብ የሚያልቁ ናቸው።

ስለ አንድ ፈተና ላስጠንቅቅሽ። አንዳንድ ጋራዥ ፍሬን ረግጠው ዲ ላይ አድርገው ነዳጁን ድብን አድርገው ይረግጡና ሞተሩ ስንት ዙር ላይ እንደሚቆም ያያሉ። ፈተናው ትክክለኛ ፈተና ነው፣ ግን ከ5 ሰከንድ በላይ ከቆየ ዘይቱን ያፈላዋል። አጉል ፍርድም ይሰጡበታል። መጽሐፉ ላይ ያለው የዙር ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ስለሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ያጣል። ስለዚህ የዙሩ ቁጥር ከመጽሐፉ ዝቅ ይላል። ይህን ሳያስቡ "ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል" ብለው ደህና ኮንቨርተር ያስጥሉሻል። ቁጥሩ ከመጽሐፉ ከፍ ካለ ግን፣ በዚህ ከፍታ ላይ፣ መንሸራተቱ የምር ነው።

አሁን ወደ ዘይት ክርክሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሁለተኛውና ሦስተኛው ጋራዥ ያጣሉሽ በዚህ ነው። "ያረጀ ካምቢዮ ዘይት ከተቀየረ ይቆማል" የሚለው ነገር ከምንም ተነስቶ አይደለም። ዲስኮቹ አልቀው ዱቄታቸው ዘይቱ ውስጥ ተበትኖ መኪናው በዚያ በወፈረ ዘይት እየያዘ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ሰውየው ዘይት የሚቀይረው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ፣ መሞቻው ሲደርስ ነው። ሲሞት አዲሱ ዘይት ገደለው ይባላል። በማሽን ግፊት ማጠብ ደግሞ ለዓመታት የተቀመጠውን ቆሻሻ አስነስቶ ቀጭን የቫልቭ ቀዳዳዎች ውስጥ ሊወትፈው ይችላል። ስለዚህ በማሽን አታሳጥቢ። ነገር ግን አለመቀየርም ሞት ነው፣ ቀስ ያለ ሞት።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ጠብታው ቡናማ ቢሆንም ጥቁር ዱቄት ከሌለው፣ ከታች ያለው መክፈቻ ተፈትቶ ዘይቱ ይፈስሳል። በዚህ መንገድ የሚወጣው 3 ሊትር ተኩል ገደማ ነው፤ ካምቢዮው ከነኮንቨርተሩ የሚይዘው ግን ወደ 8 ሊትር ይጠጋል። የወጣውን ያህል፣ የወጣውን በጆግ ለክተሽ፣ አዲስ ይሞላል። አንድ ሁለት ሳምንት ነድተሽ ትደግሚዋለሽ። ከዚያ ሦስተኛ። በሦስቱ ዙር ከ10 እጅ 8 እጁ አዲስ ይሆናል፣ ካምቢዮውም ሳይደነግጥ። የመጀመሪያው ዙር ላይ የታችኛው ሳህን ይውረድ፣ ፊልትሮው ይታይ፣ በሳህኑ ዙሪያ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደው ጓርኒሲዮን ይቀየር። የዘይቱ ዓይነት ቲ-ፎር የሚባለው የቶዮታ ነው፣ ወይም ጣሳው ላይ ቲ-ፎርን እተካለሁ ብሎ የጻፈ። ቀይ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም። ለመሪ የተገዛ ዘይት ተርፎ ካምቢዮ ውስጥ ሲደፋ አይቻለሁ፤ የመኪናው ባለቤት አጠገቡ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነበር፣ ምን እንደተደፋለት አያውቅም። ጣሳውን በዓይንሽ እይ፣ ክዳኑ ፊትሽ ይከፈት።

ሳህኑ ሲወርድ እዚያው ሁኚ፤ እውነቱ ያለው እዚያ ነው። ሳህኑ ውስጥ ማግኔቶች አሉ። ማግኔቱ ላይ እንደ ኩል የላመ ጥቁር ግራጫ ነገር ይኖራል። ጣትሽ ላይ አሻሺው። ምንም የማይቆረቁር ከሆነ የዓመታት ጤናማ እርጅና ነው፣ አትደንግጪ። የሳህኑ ወለል ላይ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ፍርፋሪ ከተኛ ዲስኮቹ ተልጠዋል። ጣትሽን የሚወጋ የሚያብረቀርቅ የብረት ስንጥር ካገኘሽ ደግሞ ኩሽኔታ ወይም ጥርስ ተበልቷል፤ ያኔ ዘይት መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፣ ሳህኑን መልሰው ይዝጉትና ስለ ትልቁ ሥራ አስቢ።

ትልቁ ሥራ ሁለት መንገድ አለው። ያንቺው ተፈትቶ ይታደሳል፣ ወይም ያገለገለ ይገጠማል። እኔ ማደሱን እመርጣለሁ፣ ግን የሚያድሰው ሰው ካለ። ማደስ ሲባል የተቃጠለውን ዲስክ ብቻ መቀየር አይደለም፤ ሁሉም ዲስኮች፣ ሁሉም ላስቲኮች፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱት ፓራኦሊዎች፣ ፊልትሮው፣ የቫልቭ ቤቱ ጽዳት። ኮንቨርተሩም አሮጌ ዱቄት ስላለበት ወይ ይቀየራል ወይ በባለሙያ ተከፍቶ ይታደሳል። የራዲያተሩ ቱቦ መስመር ካልታጠበ ደግሞ አሮጌው ቆሻሻ በመጀመሪያው ቀን ተመልሶ አዲሱ ካምቢዮ ውስጥ ይገባል። ስትስማሚ ይህን ሁሉ በጽሑፍ አስፍሪ። የወጣውም አሮጌ ዕቃ በከረጢት ይሰጥሽ።

ያገለገለውን ከመረጥሽ፣ ሶማሌ ተራም ሆነ ከሻርጃ በሚያስመጡት ዘንድ፣ "የራቭፎር ነው" ማለት አይበቃም። ያንቺ ፎርዊሉ ዩ140ኤፍ ነው፤ በፊት እግሩ ብቻ የሚነዳው ራቭፎር ላይ ያለው ዩ241ኢ ነው፣ አይገጥምልሽም። የተቀመጠውን ካምቢዮ ዘንጉን አውጥተሽ ያንኑ የሶፍት ፈተና አድርጊበት፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሂጂ። ኮንቨርተሩ አብሮት ይምጣ። ተገጥሞ የሚሞከርበት ጊዜ፣ ካልሠራ የሚመለስበት ቃል፣ ወረቀት ላይ ይሁን።

ለወንድምሽ እንዲህ በይው። አሳቢነቱ ያስመሰግናል፣ ግን ካምቢዮ አይላክ። ያንን ሁሉ ክብደት በመርከብ አምጥተሽ ቀረጥ ከፍለሽ ምናልባት ጨርሶ የማያስፈልግሽን ነገር ቤትሽ ታስቀምጫለሽ። መርዳት ከፈለገ መጀመሪያ ኮዱ ይነበብ። ሶሌኖይድ ሆኖ ከተገኘ ሶሌኖይድ ቀላል ነው፣ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ኮምፒውተር ከሆነም ያንቺን ወደ እሱ ልከሽ እዚያ አሠርቶ ሊመልስልሽ ይችላል፤ አሜሪካ የዚህ ሞዴል ኮምፒውተር መጠገን ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ።

ሌሎች የምታነቡም አላችሁና አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለመደበኛው አውቶማቲክ ነው። ሲቪቲ ያለው ቪትዝ ውስጡ ቀበቶ ነው ያለው፣ ዘይቱም የራሱ ነው፤ ቲ-ፎር ከገባበት ያበቃለታል። አውቶማቲክ እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ዲዛየር ደግሞ በእውነቱ ማኑዋል ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑን የሚረግጥለት ማሽን የተገጠመለት ነው። እሱ ሲንሸራተት ወሬው ሌላ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ምርመራው እስኪያልቅ መኪናውን የግድ ከነዳሽው እንዲህ አድርጊ። መምታቱን ታግሰሽ አትንጂ፤ በመታ ቁጥር ወይ በተንሸራተተ ቁጥር ዲስክ እየበላ ነው፣ ያ ነው ትንሹን የኮምፒውተር ወጪ ወደ ትልቁ የሚያሸጋግረው። ሞተሩ ጮኾ መኪናው ካልሄደ ነዳጁን አትጨምሪ፣ ልቀቂው። ጠዋት አስነስተሽ አንድ ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀሺ ጠብቂ፣ ከዚያ ሪቨርስ አስገቢ፣ መያዙ ሳይሰማሽ ነዳጅ አትስጪ። መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ከአር ወደ ዲ አትቀይሪ። ዳገት ላይ ማርሹ ከሦስት ወደ አራት እየተመላለሰ ከተቸገረ ሊቨሩ ላይ ያለውን የኦቨርድራይቭ ቁልፍ አጥፊው። ዳገት ላይ ስትቆሚም መኪናውን በነዳጅ አታንጠልጥዪው፣ ፍሬን ያዢ። አራቱም ጎማ አንድ ልክና የተቀራረበ ጥርስ ይኑረው፤ ያንቺ ፎርዊል ሁልጊዜ አራቱንም ስለሚነዳ የተለያየ ጎማ መሃል ያለውን ዲፈረንሺያል ይጨርሰዋል።

መንገድ ላይ ቢቆምብሽ ደግሞ በገመድ እንዳያስጎትቱሽ። ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ፓምፕ አይዞርም፣ ዘይት አይደርስም፣ ጎማዎቹ ግን ውስጡን ያዞሩታል። ደርቆ እየተፋጨ ነው የሚጎተተው። ፎርዊል ስለሆነ ፊቱን ብቻ ማንሳትም አይበቃም፤ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ በጭነት መኪና ይሂድ። ገፍተን እናስነሳው የሚሉም ይኖራሉ፤ አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም።

የሶፍቱን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሺውና የኮዱን ቁጥር ጨምረሽ ጻፊልኝ። ቁልፍ አጥፍቶ የማስነሳቱ ፈተናም ምን እንዳሳየሽ። እነዚህን ሳላይ ካምቢዮው አልቋል አልልም።